ዕዳው ያለቀ ወፍጮ

ከጋርላንድ ወጥቼ በ75 ሀይዌይ ወደ ሰሜን ስነዳ፣ ሪቻርድሰን ላይ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ፋብሪካ አለ። ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ ነውና እንዲህ ያለ ሕንፃ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ወጪው ነው። ግንባታው በ2004 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ካለቀ በኋላ ለዓመታት ባዶውን ቆሞ ነበር። በ2009 ዓለም በገንዘብ ቀውስ ተይዞ ሳለ ኪሞንዳ የተባለው የጀርመን ቺፕ አምራች ከሰረ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የኪሞንዳን የቨርጂኒያ ማሽኖች በ172.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛና እዚህ ተከላቸው። ለቺፕ ማሽን ይህ ገንዘብ አይባልም።

ሌሎች ቺፕ ሻጮች ግን ፋብሪካን ሸሽተዋል፤ በዚያው ዓመት ኤኤምዲ ፋብሪካዎቹን ከራሱ ለይቶ ለአቡዳቢ ባለሀብቶች አስረከበ። ኤንቪዲያ ከነጭራሹ ፋብሪካ የለውም፤ የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ያመርትለታል። (የቲኤስኤምሲ መሥራች ሞሪስ ቻንግ ለ25 ዓመት የሠሩት እዚሁ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነበር።) ቺፑ በሁለት ዓመት ለሚያረጅበት ኩባንያ ይህ መንገድ ያዋጣል። ኢንቴል ንድፉንም ፋብሪካውንም ይዞ በዚያ ሩጫ ልቆይ ብሎ በ2024 ወደ 19 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል።

የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ግን ሌላ ነው። የባትሪ ኃይል መሙላትን ይቆጣጠራል፣ የሞተር ሙቀት ይለካል፤ አንዱ ንድፍ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊሸጥ ይችላል። የማሽኑ ዋጋ በእርጅና ቅናሽ በጥቂት ዓመታት ከመዝገብ ይወጣል፣ ማሽኑ ግን መሥራቱን አያቆምም። ዕዳው ተከፍሎ እንዳለቀ ወፍጮ ነው። በዚያ ላይ ቺፑ የሚሠራበት የሲሊከን ገበታ ዲያሜትሩ ከ200 ወደ 300 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ቆዳ ስፋቱ ከእጥፍ ይበልጣል፤ ኩባንያው የአንዱ ቺፕ ወጪ ከመታሸጉ በፊት በ40 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ለሌላ አሠርቶ የሚሸጥ ተፎካካሪ ደግሞ የአምራቹንም ትርፍ ይከፍላል።

እንደ እኔ ያለ ባለአክሲዮን ግን ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ከሪቻርድሰን ሰሜን ሸርማን ላይ አዳዲስ ፋብሪካዎች ሲገነቡ፣ ከኢንቨስትመንት ወጪ በኋላ የሚተርፈው ጥሬ ገንዘብ በ2022 ከነበረበት 5.9 ቢሊዮን ዶላር በ2023 ወደ 1.3 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። በ2024 ኤሊየት የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ይዞ፣ ግንባታው የገበያውን ፍላጎት እያየ ይሂድ ሲል ወተወተ። በፍጥነቱ ጉዳይ ከኤሊየት ጋር ነኝ፤ ግማሹ ሥራ የፈታ ፋብሪካም ሙሉ ወጪ ያስወጣልና። ፋብሪካውን ይሽጥ የሚል ቢመጣ ግን አክሲዮኔን ይዤ እቃወማለሁ።