የመኪና የቆዳ መቀመጫ አያያዝ

ቆዳ ከለፋ በኋላ ልስላሴውን ይዞ የሚቆየው በውስጡ ባለው ቅባትና እርጥበት ነው። እነዚህ ከተሟጠጡ ይደርቃል፤ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ቆዳ ይጠገን እንደሆነ እንጂ ወደ ቀድሞ ሁኔታው አይመለስም። ስለዚህ በቆዳ የተለበጠ የመኪና መቀመጫ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው አስቀድሞ ጥንቃቄ ያሻዋል።

የመቀመጫ ቆዳ ዋና ዋና ጠላቶች ፀሐይ፣ አቧራና ላብ ናቸው። ፀሐይ ቆዳውን ታደርቀዋለች፤ ቀለሙንም ታደበዝዘዋለች። በበጋ ወራት ከጥርጊያ መንገድ የሚነሣው አቧራ በስፌቱ መካከል ተሰግስጎ፣ ተሳፋሪው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቆዳውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ላብና የሰውነት ወዝ ደግሞ ክንድና ራስ በሚያርፍበት ስፍራ ተጠራቅሞ የላይኛውን ስስ ሽፋን ያበላሻል።

ጽዳቱ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ አቧራው በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ይህ ሳይደረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ቆዳውን በጭቃ እንደ መፈተግ ይቆጠራልና። ቀጥሎ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና የተነከረ ጨርቅ ተጨምቆ፣ መቀመጫው በቀስታ ይወለወላል። ከዚያም ሳሙናው በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይነሣል። ውኃ ማፍሰስ ግን አይገባም፤ በስፌቱ ቀዳዳ ሰርጎ የውስጡን ስፖንጅ ያሻግታል። ቤንዚንና በረኪናም ቀለሙን ይልጣሉ።

መቀመጫው በጥላ ሥር ከደረቀ በኋላ ለቆዳ የተዘጋጀ ቅባት በስሱ ይቀባል። ቅቤና የምግብ ዘይት አቧራ ይስባሉ፤ ሲቆዩም ይሸታሉ። መኪናን በጥላ ሥር ማቆምና በየሳምንቱ አቧራውን ማንሣት ገንዘብ አይጠይቅም፤ መቀመጫ እንደገና ማስለበጥ ግን በተሽከርካሪው ለሚተዳደር ሾፌር የብዙ ቀን ገቢውን ያስወጣዋል።