ሹፌሩ የሚያውቀው መንገድ

የርክክብ ቅጻችን በስተመጨረሻ «ምርመራ» የሚል ዓምድ አለው። ከየሰበካው ተሞልተው የሚመለሱልንን ቅጾች ስናገላብጥ ይህን ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ባዶ ስፍራ እንድንጽፍ ያነሣሣን ከሩቅ አገር የተሰማ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ነጋዴዎችና የዩኒቨርሲቲ ምሁራን የዕቃ ማጓጓዝን ሥራ በመረጃ ለማሻሻል ያደረጉት ትብብር ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ማዕከል ጋር አንድ የምርምር ውድድር አዘጋጀ። ሹፌሮች በ2018 እ.ኤ.አ. በሲያትል፣ በሎስ አንጀለስ፣ በኦስቲን፣ በቺካጎና በቦስተን አካባቢ ዕቃ ሲያደርሱ ያደረጓቸውን ከ9,000 በላይ ጉዞዎች መዝገብም ለተመራማሪዎች ክፍት አደረገ። መዝገቡ ሹፌሩ ከየትኛው ቤት ወደ የትኛው እንዳለፈ በቅደም ተከተል ያሳያል። የተቀባዮች ስም አልወጣም፤ የቤቶቹም መገኛ እንዳይታወቅ ሆን ተብሎ በጥቂቱ ተዛብቷል።

አጭሩን መንገድ ማስላት ለሒሳብ ሊቃውንት አዲስ ነገር አይደለም። አስቸጋሪው ልምድ ያለው ሹፌር ኮምፒዩተር ያሰላለትን አጭር መንገድ ብዙ ጊዜ የማይከተል መሆኑ ነበር። መኪና የሚቆምበትን ጥግ፣ በማለዳ የሚጨናነቀውን ጎዳና፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚከፈተውን በር እርሱ ያውቃል። አዘጋጆቹም ይህን እንደ እምቢተኝነት ሳይሆን እንደ ዕውቀት ቈጥረው፣ ሹፌሩ በእውነት የሚመርጠውን ቅደም ተከተል ተመራማሪዎች አስቀድመው እንዲገምቱ ጠየቁ።

ያሸነፉት የካናዳው ዊልያም ኩክ፣ የጀርመኑ ስቴፋን ሄልድና የዴንማርኩ ኬልድ ሄልስጋውን ናቸው። ኩክና ሄልስጋውን በአጭር መንገድ ስሌት ስማቸው የታወቀ ነው፤ ሆኖም ስሌታቸውን ብቻውን አልተዉትም። ከመዝገቡ የሹፌሮችን ልማድ አጠኑ፤ ለምሳሌ ሹፌሩ አንዱን ቀጠና ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሻገርም። ይህንንም በስሌቱ ውስጥ እንደ ደንብ አስገቡት። ኩባንያው መዝገብ፣ ምሁራኑ ዘዴ ነበራቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ብዙ አይራመድም ነበር። በዚያው ዓመት የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከኔዘርላንድ ቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሠራው ሥራ የፍራንዝ ኤደልማን ሽልማትን ማግኘቱ ዘዴው ለርዳታ ሥራም እንደሚበጅ ያመለክታል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በአንድ ክረምት የዘር እህል ስንልክ በካርታ ላይ ከሁለት መንገዶች አጭሩን መረጥን። መኪናው ወንዝ ዳር ሁለት ሌሊት ቆሞ አደረ፤ ኋላም ዞሮ ሲደርስ የዘር ጊዜ አልፎ ነበር። የአጥቢያው ቄሰ ገበዝ «ከሐምሌ ወዲህ በዚያ የሚሻገር የለም፤ ብትጠይቁን ኖሮ እንነግራችሁ ነበር» አሉን። እጅግ ያሳዘነን ግን ሌላ ነው። የቀድሞውን ዓመት ቅጽ አውጥተን ስናይ ያኔ የሄደው ሹፌር ይህንኑ ሰምቶ በረጅሙ መንገድ ዞሮ ነበር። በቅጹ ላይ የሰፈረው ግን «ዘግይቷል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ምክንያቱን የጠየቀም የጻፈም አልነበረም፤ እኛም ጭምር።

የአሜሪካ ከተሞች መንገድ አስፋልት ነው፤ የቤቶቹም ቁጥር የታወቀ ነው። የእኛ የዓመት ጉዞ ደግሞ ለኮምፒዩተር ስሌት የሚበቃ አይደለም፤ ስለዚህ ለጊዜው መሣሪያ መግዛት አያስፈልገንም፣ ደብተር ይበቃናል። ከሚቀጥለው እደላ ጀምሮ መኪናው የተነሣበትና የደረሰበት ሰዓት፣ የሄደበት መንገድ፣ ከተቀየረም የተቀየረበት ምክንያት በ«ምርመራ» ዓምድ ይሰፍር ዘንድ የሰበካ ጉባኤያትን በትሕትና እንጠይቃለን። የገበያ ቀን፣ የደፈረሰ ወንዝ፣ ጭነት የሚያወርድ ሰው መጥፋቱ፣ ሁሉም ይጻፍ። የተረጂዎች ስም ዝርዝር ግን በአጥቢያው መዝገብ ቤት ይቀመጥ እንጂ ከዚህ ጋር አይላክ።

አንድ ነገር እናሳስብ። መዝገቡ ሹፌሩን መክሰሻ ከሆነ እውነቱን የሚነግረን አይኖርም። ስለዚህ «ለምን ዘገየህ?» ከማለት «በየት በኩል መጣህ?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ሹፌሩ መጻፍ ባይመቸው እርሱ እየተናገረ የጉባኤው ጸሐፊ ይጻፍለት፤ ሁለቱም ይፈርሙበት።