እጁን ያወጣ ሁሉ አልተስማማም
ከእርሻ ኤክስቴንሽን ሪፖርተራችን

በገጠር ቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ አጀንዳው ከተነበበ በኋላ «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲባል እጅ በሙሉ ይወጣል። ቃለ ጉባኤውም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ይፈረማል። ይሁን እንጂ ተራራው ከልቅ ግጦሽ እንዲከለል በተወሰነ በሳምንቱ ከብቶች ተመልሰው ከክልሉ ውስጥ ይገኛሉ፤ ችግኙ ይበላል፤ እርከኑ ይፈርሳል። መሪውም «ራሳቸው ወስነው ራሳቸው አፈረሱት» በማለት ሕዝቡን ይወቅሳል። ነገር ግን ሕዝቡ ቅሬታውን ብዙውን ጊዜ እዚያው ስብሰባ ላይ ገልጾታል። የገለጸው በአፉ ሳይሆን በአቀማመጡ፣ በዓይኑና በዝምታው ስለሆነ ልብ ያለው አልተገኘም።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ያለፈው ተሞክሮ ያስረዳል። የገበሬ ማኅበራት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መሬት ይዘው እንዲቋቋሙ ከተደረገ ወዲህ አያሌ ውሳኔዎች በጭብጨባ አልፈዋል። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መልባ፣ ወልባ እየተባሉ ሲደራጁም ጭብጨባ አልጎደለም ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ገበሬው የመውጣት ነፃነት ሲያገኝ ግን አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅትም በዘመቻ የተሠሩ እርከኖችና የተተከሉ ደኖች በብዙ ቦታ ወድመዋል። ድጋፉ ከልብ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ልፋት ባለቤት ባላጣ ነበር።

እንግዲህ የማኅበር መሪ ከጆሮው ሌላ ዓይኑንም ማሠራት ይኖርበታል። «እሺ» የሚለው ቃል «ተቀብያለሁ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ሰምቻለሁ» ማለት ብቻም ሊሆን ይችላል። የሚለየውም በሁኔታው ነው። የተስማማ ሰው ወደ ተናጋሪው ዞሮ ራሱን ይነቀንቃል፤ ትንፋሹን ሳብ እያደረገ «አዎን» ይላል፤ ስለ አፈጻጸሙም ይጠይቃል። ያልተዋጠለት ደግሞ ጋቢውን እስከ አፉ ይከናነባል፣ በበትሩ መሬት ይጭራል፣ ከጎረቤቱ ጋር ያንሾካሹካል፣ እጁንም የሌላውን አይቶ ዘግየት ብሎ ያወጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ስብሰባ ከበዛ ጉዳዩ ገና አልበሰለም ማለት ነው።

ምልክትን ያለ ቦታው መተርጎምም ያሳስታል። ጋቢውን አደግድጎ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ የሚናገር ወጣት የደበቀው ነገር ያለ ሊመስል ይችላል፤ በአገራችን ባህል ግን ይህ ለታላቅ የሚሰጥ አክብሮት ነው። እንደዚሁም ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ከኋላ የተቀመጠች ሴት ሐሳብ የላትም ማለት አይደለም። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፋል። በስብሰባ ላይ ግን ባል ከፊት፣ ሚስት ከኋላ ከሆኑ፣ ማገዶና ሣር የምታመጣበት ተራራ ሲከለል ችግሯን የሚሰማላት አይኖርም። ስለዚህ ሴቶች ወደፊት እንዲቀመጡ ማድረግና ቀድመው እንዲናገሩ መጋበዝ ይገባል።

የመሪው የራሱ ሁኔታም ይናገራል። ከጠረጴዛ ጀርባ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ጣቱን እየቀሰረ የሚናገር፣ ገበሬው ችግሩን ሲያስረዳ ሞባይሉን የሚነካካ መሪ «አልሰማችሁም» ማለቱ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ «ኖር» ብሎ ከመቀመጫው የሚነሣ፣ ከዋርካው ሥር ከሕዝቡ ጋር እኩል በክብ የሚቀመጥ፣ ተናጋሪው እስኪጨርስ የሚታገሥ መሪ ግን እውነቱን ያገኛል።

በተግባር ሊሞከሩ የሚችሉ ጥቂት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ መሪውና የኮሚቴው አባላት እጃቸውን መጨረሻ ያውጡ፤ አስቀድመው ካወጡ የሚቃወም አይገኝምና። ሁለተኛ፣ ከጥያቄ በኋላ ዝምታ ሲሆን ቸኩሎ «እንግዲያው ተስማምተናል» ከማለት ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ «ትስማማላችሁ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ከብቱ ከተከለከለ መኖውን ከየት እናመጣለን?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። አራተኛ፣ ከባድ ጉዳይ ሲሆን አፉ በጨርቅ የተሸፈነ እንስራ አስቀምጦ፣ የተስማማ ባቄላ፣ ያልተስማማ ሽንብራ እጁን ጨብጦ እንዲጥል ማድረግ ይቻላል። ፊደል ያልቆጠረውም ጎረቤቱን ሳይፈራ ሐሳቡን ይገልጻል።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንደሚባለው፣ በስብሰባ ያልተነገረው ማታ ጠላ ቤት ወይም በማግሥቱ ደቦ ላይ መሰማቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ግን ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። በበጋው የተፋሰስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሚጠራው ስብሰባ ላይ ሽንብራው ከበዛ፣ መሪው ሊቆጣ አይገባም። ውሳኔውን ለሌላ ቀን አቆይቶ ስለ መኖው፣ ስለ ማገዶውና ስለ ጥበቃው ከባለጉዳዮቹ ጋር ደግሞ ይምከር። አንድ ሳምንት መዘግየት፣ የተተከለን ችግኝ ለከብት ከመገበር ይሻላል።