ማሽን የማያየው ጥቁር ፕላስቲክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የይፋት ቆላ ሙቀት ይቀበለዋል። ውሃ ገዝቶ ይጠጣል፤ ባዶውን ሃይላንድ ይጥላል። ሃይላንዱ ግን ፈላጊ አለው፤ እንደ ቢጫው የዘይት ጀሪካን ሁሉ ቆራሌው ይወስደዋል። ሽንኩርት የተቋጠረበት ጥቁር ፌስታልና ከችግኝ ላይ የተቀደደው ጥቁር ፕላስቲክ እንዲህ ያለ ዕድል እምብዛም የላቸውም። የሚገርመው፣ የአውሮፓ ዘመናዊ መለያ ማሽኖችም ለዓመታት ጥቁሩን ሳያዩ ሲያሳልፉት ኖረዋል።

መለየቱ ለምን አስፈለገ? ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ስላልሆነ ነው። የሃይላንዱ ገላ ፒኢቲ ነው፤ ክዳኑ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ግራጫው የውሃ ቧንቧ ደግሞ ፒቪሲ ነው። አብረው ቢቀልጡ አይዋሃዱም። በተለይ ፒቪሲ ክፉ ነው፤ ፒኢቲ በሚቀልጥበት 250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ እሱ ተበላሽቶ አሲድ ይለቃል። ጥቂት ቁራጭ ብቻ ከገባ ፒኢቲውን ያበላሸዋል።

መለያው ማሽን ቆሻሻውን በፈጣን ማጓጓዣ ቀበቶ ላይ እያሳለፈ ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ያበራበታል። እያንዳንዱ የፕላስቲክ ዓይነት ከብርሃኑ የራሱን ድርሻ ውጦ ሌላውን ይመልሳል። ሴንሰሩ የተመለሰውን አንብቦ ዓይነቱን ይለያል፤ ወዲያው ከቀበቶው ጫፍ የሚወጣ ኃይለኛ አየር ዕቃውን ወደ ቦታው ይወረውረዋል። ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ግን ካርበን ብላክ የሚባል ጥላሸት አለ፤ ብርሃኑን ከሞላ ጎደል ይውጠዋል። የሚመለስ ነገር ስለሌለ ማሽኑ ጥቁሩን ዕቃ ከጥቁሩ ቀበቶ መለየት ያቅተዋል።

መፍትሔዎች እየመጡ ነው። ረዘም ያለ የኢንፍራሬድ ሞገድ የሚያነቡ ካሜራዎች ጥቁሩንም ያያሉ፤ ዋጋቸው ግን ይከብዳል። ኢንፍራሬድ የሚያሳልፉ ጥቁር ቀለሞችም ተሠርተዋል።

ውሃ ግን ቀለም አይመርጥም። አንድ ሃይላንድ ከእነክዳኑ ቆራርጣችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ ገላው ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ፒኢቲ ከውሃ 1.38 እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ይቀላሉ። ፋብሪካዎችም በትልቅ ገንዳ ይህንኑ ያደርጋሉ። ፒቪሲና ፒኢቲ ሁለቱም ስለሚሰምጡ ግን እነሱን ውሃ ብቻውን አይለያቸውም፤ እዚያ ላይ የለመደ እጅ ወይም ሴንሰር ያስፈልጋል።

ጥላሸቱን በጅምላ ማውገዝ ተገቢ አይመስለኝም። የመስኖ ቱቦ በይፋት ፀሐይ ሳይሰነጣጠቅ ዓመታት የሚቆየው ጥላሸቱ አልትራቫዮሌት ጨረሩን ስለሚመክትለት ነው። አንድ ቀን ለሚያገለግል ፌስታል ግን ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል? የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን በጠቅላላው ከልክሏል።

የችግኙ ፕላስቲክ ግን አብሮን ይቆያል፤ ደግነቱ እሱን ለመለየት ማሽን አያስፈልግም። ከየት እንደመጣ ስለሚታወቅ ምንነቱም ይታወቃል፤ ፖሊኢትሊን ነው። ከሌላ ቆሻሻ ጋር ሲደባለቅ ነው ማንነቱ የሚጠፋው። ስለዚህ በመጪው ክረምት ችግኝ የምትተክሉ ሁሉ፣ ፕላስቲኩን ጉድጓድ ውስጥ አትተዉት፤ ጎርፍም ወደ ሮቢ ወንዝ እንዳይወስደው አፈሩን አራግፋችሁ ለብቻው እሰሩትና ችግኙን ላመጣችሁበት ጣቢያ መልሱ።