የሐይቅ ዳርቻን ውበት በአነስተኛ ወጪ ወደ ቤት ማስገባት፦ ከደንገልና ከእምቦጭ የሚሠሩ ጌጣጌጦች

ባሕር ዳር፦ የባሕር ዳርቻ ሲባል ለብዙ የዓለም ሕዝብ ቀድሞ የሚታሰበው ነጭ አሸዋ፣ ዛጎልና ጨዋማ ውኃ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ሐይቁም “ባሕር” ይባላል፤ የባሕር ዳር ከተማ ስያሜም የውኃውን ዳር የሚያመለክት ነው። የዚህ ዳርቻ ጌጥ ደንገል፣ ታንኳ፣ ጠጠርና የደረቀ የውኃ ዳር ሣር ነው። ቤቱን በዳርቻው መልክ ማስጌጥ የሚሻ ነዋሪ ከኮላ፣ ከቃጫ ገመድና ከጥቂት ቫርኒሽ በቀር የሚገዛው ነገር አይኖርም።

ይሁን እንጂ ከዳርቻው የሚወሰደው ነገር ሁሉ እኩል አይደለም። ደንገል ሲቆረጥ ጥንቃቄ ይሻል፤ እምቦጭ ደግሞ ሳይደርቅ ከሐይቁ አካባቢ መውጣት የለበትም። የጣና ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡ የሚታወስ ነው። ስለሆነም ጌጡ ውብ የሚሆነው ዳርቻውን ሳይጎዳ ሲሠራ ነው።

ደንገል፦ ሥሩን ትቶ ግንዱን መውሰድ

ደንገል እስከ 4 እና 5 ሜትር የሚያድግ፣ ግንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነ የረግረግ ተክል ነው። ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ በመሆኑ ቀላል ነው፤ በውኃ ላይም ይንሳፈፋል። የጣና ታንኳ ከዚህ ተክል የሚሠራውም ስለዚሁ ነው።

ተክሉ በጭቃው ውስጥ አግድም ከሚዘረጋ ወፍራም ሥር ያቆጠቁጣል። የጎለመሰው ግንድ ከውኃው በላይ በማጭድ ሲቆረጥና ለጋው ሲተው ተመልሶ ያድጋል። ሥሩ ሲነቀል፣ ሲቃጠል ወይም ዳርቻው ለእርሻ ሲታረስ ግን ዓሣ የሚራባበትና ወፎች የሚጠለሉበት ስፍራ አብሮ ይጠፋል። ለአንድ ቤት ጌጥ 20 እና 30 ግንድ በቂ በመሆኑ ከዚያ በላይ መቁረጥ አያስፈልግም። ከመቁረጥ በፊትም ስፍራው የተከለለ መሆን አለመሆኑን የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

የተቆረጠው ደንገል ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ተዘርግቶ እየተገላበጠ ይደርቃል። በጫፉ ላይ ያለው ጃንጥላ መሳይ ጸጉር ለጌጥ የሚፈለግ ከሆነ ለብቻው ተቆርጦ በጥላ ውስጥ ቁልቁል ይሰቀላል። ሲደርቅም በታችኛው ክፍል ጠጠር በተሞላ አሮጌ እንስራ ውስጥ ቢቆም የሳሎንን ማዕዘን ያደምቃል።

ትንሽ ታንኳ ለመሥራት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 12 ያህል የደረቁ ግንዶች ይዘጋጃሉ። ደረቅ ደንገል ሲታጠፍ ስለሚሰነጠቅ አስቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ ማለስለስ ይበጃል። ግንዶቹ ጎን ለጎን ተደርድረው በቃጫ ይጠፈራሉ፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ ቀጭን እስር እንደ ጠርዝ ይታከላል። የፊተኛው ጫፍ ወደ ላይ ቀና እንዲል ከመሐሉ ጋር በገመድ ተወጥሮ ይታሰርና ሲደርቅ ገመዱ ይፈታል። የተረፈው ግንድ በካርቶን ላይ በኮላ ተለጥፎ የመስታወት ወይም የፎቶግራፍ ክፈፍ ይሆናል። ለመሥራት ጊዜ የሌለው ሰው ደግሞ በታንኳ ሥራ ከሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያዎች ቢገዛ ለሙያው መቀጠል ድጋፍ ያደርጋል።

እምቦጭ፦ ውበቱ የመስፋፋቱ ምክንያት

እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። ወደ ብዙ አገሮች የተዛመተበት አንዱ ዋና ምክንያት ሐምራዊ አበባው አምሮ ሰዎች ለጌጥ በኩሬና በገንዳ ስለተከሉት ነው። በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የሚኖሩ ዓሣ አስጋሪዎችንና አርሶ አደሮችን ለብዙ ድካም ዳርጓል። ተስማሚ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ አበባውን ቀጥፎ ወይም ተክሉን ከነሥሩ ወስዶ ቤት ውስጥ በውኃ ማስቀመጥ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። የዚያ ዕቃ ውኃ ወደ መስኖ ቦይ ወይም ወደ ኩሬ ከተደፋ አረሙ አዲስ መኖሪያ ያገኛል። በአንጻሩ ሥሩና አበባው ተወግዶ በሚገባ የደረቀው የቅጠሉ አገዳ ከቶ ዳግመኛ አይበቅልም፤ ለጉንጉን ሥራም ይመቻል። በኬንያ፣ በታይላንድና በሌሎችም አገሮች ቅርጫትና የቤት ዕቃ ይሠራበታል።

ለዚህ የሚመረጠው ተጠጋግቶ ባደገ አረም መሐል የሚገኘው፣ ከ50 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው ቀጭን አገዳ ነው። አጭርና እንደ ኳስ ያበጠው አይጎነጎንም። ሥሩ፣ ቅጠሉና አበባው እዚያው ተቆርጦ ከውኃው ርቆ ይከመራል፤ ሲደርቅም ይቃጠላል። ማድረቁም በተሰበሰበበት አካባቢ ሊከናወን ይገባል። ከተክሉ ክብደት ከ90 በመቶ በላይ ውኃ በመሆኑ ከ20 ኪሎ ግራም እርጥብ አገዳ የሚገኘው ደረቅ ከ2 ኪሎ ግራም አይበልጥም። እንግዲህ ማድረቁ ሸክምንም ያቀላል።

አገዳው በበጋ ፀሐይ ቀን ቀን ተዘርግቶ ማታ ማታ ከጤዛ ይሸፈናል። ቡናማ ሆኖ ሲጨበጥ እርጥበት የማይሰማ ከሆነ ደርቋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ተደርጎ እንደ ጸጉር በሦስት ዘርፍ ይጎነጎናል፤ አንዱ ዘርፍ ሲያጥር አዲስ አገዳ ይቀጠልበታል። ጉንጉኑ ከመሐል ጀምሮ እየተጠመጠመ ስፌት በሚሰፋበት ወስፌ ይያያዛል። ጠፍጣፋ ሆኖ ሲሰፋ የስኒ ማስቀመጫና ምንጣፍ፣ ጠርዙ ወደ ላይ ሲነሣ ደግሞ የአበባ ማሰሮ ማልበሻ ይሆናል። በመጨረሻም ቫርኒሽ ይቀባል፤ ያለበለዚያ በክረምት እርጥበት ይሻግታል።

ሁለት ነገሮች ግን ሊዘነጉ አይገባም። እምቦጭ በውኃ ውስጥ ያሉ ጎጂ ብረት ነክ ነገሮችን በአካሉ ስለሚያከማች ሥራው ለምግብ ማቅረቢያ መዋል የለበትም። የደረቀ አገዳ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ደግሞ ከሻማና ከምድጃ መራቅ አለበት።

ጠጠር፣ አሸዋና የቀንድ አውጣ ቅርፊት

አነስተኛው ጌጥ በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ የሚሠራው ነው። ታጥቦ የደረቀ አሸዋ ከታች፣ ጠጠር ከመሐል፣ ጥቂት ባዶ ቅርፊቶች ከላይ ሲደረደሩ ለመስኮት ዳር ይበቃሉ። የሚወሰደው አሸዋ ከጥቂት እፍኝ ማለፍ የለበትም፤ በጆንያ የሚጫን አሸዋ ዳርቻውን ለመሸርሸር ያጋልጣል።

ቅርፊት ለመልቀም ወደ ውኃው መግባት ግን ለጤና አደገኛ ነው። የቢልሃርዝያ በሽታ አምጪ ትል በአንዳንድ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጎ ወደ ውኃው ይወጣና በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። በሽታው በጣና ዳርቻም የሚገኝ በመሆኑ ሕፃናትን ለለቀማ ወደ ሐይቁ መላክ አይገባም። ደረቅ መሬት ላይ የተገኘ ባዶ ቅርፊት ብቻ ተለቅሞ፣ በውኃ ተቀቅሎ፣ በፀሐይ መድረቅ ይኖርበታል። እምቦጭ ወይም ደንገል የሚቆርጥ ሰውም ቦት ጫማና ጓንት ቢጠቀም ራሱን ይጠብቃል።

ለአርሶ አደሩና ለከተማ ነዋሪው

በዳርቻው የሚኖር አርሶ አደር አረሙን ለማስወገድ ከሚያደርገው ልፋት ጥቂቱን አድርቆና በእስር በእስር አዘጋጅቶ ለከተማ ባለሙያ ቢያቀርብ ተጨማሪ ገቢ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ሲባል ግን አረሙ ገበያ ስለተገኘለት ይቆይ ማለት አይደለም። ለጌጥ የሚውለው መጠን ሐይቁን ከወረረው አረም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት በመሆኑ የእምቦጭ ማስወገዱን ሥራ ሊተካ አይችልም። ገዢውም “ይህ ተክል ከየት መጣ? ደርቋልን?” ብሎ ቢጠይቅ ለሐይቁ ይበጃል።

ባጭሩ፣ ደንገል ከሥሩ ሳይነቀል፣ እምቦጭ ሳይደርቅ ሳይጓጓዝ፣ ቅርፊትም ከውኃ ውስጥ ሳይለቀም የሚሠራ ጌጥ ለኪስም ለሐይቁም አይከብድም።