ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው እንዴ?

የዛሬው ጨዋታችን 12ኛ ክፍልን ለጨረሳችሁ፣ ዲፓርትመንት ለመምረጥ ለምትጨነቁና "ልጄ ዶክተር ይሆንልኛል" ብለው ለሚጠብቁ እናቶች ነው።

እኛ አገር አንድ ልማድ አለ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ወንድ ካየን "ዶክተር!"፣ ሴት ካየን "ሲስተር!" እንላለን። የድሮ ሰዎች ደግሞ "ድሬሰር" ይላሉ። ደም የቀዳን፣ ራጅ ያነሳን፣ አልታጠፍ ያለ ጉልበታችንን እያሸ ያራመደን ሰው የተማረው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ነገሩ ሰላምታ ላይ ቢቀር ምንም አልነበረም። ይኸው አለማወቅ የትምህርት ምርጫ ፎርም ላይ ሲደርስ ግን ዕዳ ያመጣል።

እስቲ የአንዲት የካዛንቺስ ልጅ ታሪክ ላውጋችሁ። እናቷ ሰፈር ውስጥ ቁርስ ቤት ነበራቸው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ቤተሰቡ ገላን ጉራ ገባ። ዕቃ በመኪና ይጫናል፣ ደንበኛ ግን አይጫንም! እናት ሥራቸው ቀዘቀዘ፣ የስኳር ሕመማቸውም ባሰ። ልጅቱ የማለፊያ ነጥብ ብታመጣም እናቷን ጥላ ክፍለ ሀገር መሄድ አልሆነላትም። የቀረው አዲስ አበባ ውስጥ በግል ኮሌጅ መማር ነው። ለዚህ የተቀመጠችው የዕቁብ ብር ለአንድ ልጅ፣ ለአንድ ዲግሪ ብቻ የምትበቃ ናት። ብትሳሳት ሁለተኛ ዙር የለም።

ታዲያ መካሪ አልጠፋም። አጎት "ዶክተር ካልሆነች ምን ያደርጋል? አካውንቲንግ ትማር" አሉ። አሜሪካ ያሉ አክስት በስልክ "የኔ ማር፣ ነርስ ሁኚ፣ እዚህ ስትመጪ ሥራ አለ" አሉ። ጓደኛዋ ደግሞ "ራጅ እንማር፣ አብረን እንመዝገብ" አለቻት። ልብ በሉ! ከሦስቱ አንዳቸውም "አንቺ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ መዋል ትችያለሽ?" ብለው አልጠየቋትም።

መጀመሪያ የአጎትን እንይ። "ዶክተር ካልሆነ ምን ያደርጋል" የሚለው አባባል ታሪክም አይደግፈው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ዶክተር አልነበረም የሚያሠለጥነው። ጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር። ሦስቱ በቡድን ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሳኒታሪያኑ የመንደሩን ውሃና መጸዳጃ ያያል። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ በአገራችን ማን ማንን ቀደመ?

የቅርቡንም እናስታውስ። ኮሮና ዓለምን ማመስ ሲጀምር የእኛ ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ከዚያ ምርመራው እዚሁ በሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መሠራት ጀመረ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. "የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ" ሲባል ያንን ቃል ከማሽን ያወጡት የላብራቶሪ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ማን ያውቃል? ማንም!

ወደ ሥራው እንግባ። ላብራቶሪ ማለት ደም፣ ሽንት፣ ሰገራና አክታ ነው። በሽተኛው ስምህን አያውቅም፣ "አመሰግናለሁ" የሚባለው ዶክተሩ ነው። ግን የደም ዓይነት ብትሳሳት ሰው ይሞታል። እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ፣ ስታዲየም አካባቢ ያለውን የደም ባንክ አስቡ። የተለገሰው ደም ኤች.አይ.ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ቂጥኝም ሳይመረመር ለማንም አይሰጥም። ዝምታ ለሚወድና ለጥቃቅን ነገር ትዕግሥት ላለው ሰው የሚሆን ሥራ ነው። ጨዋታ የሚወድ ሰው ግን ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሮ ሲውል ሊሰለቸው ይችላል።

ራጅ ደግሞ ፎቶ ማንሳት ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ባለሙያው ኤክስሬይ፣ ሲቲ ስካንና ኤም.አር.አይ ያነሳል። ምስሉን አንብቦ "ይህ ነው በሽታው" የሚለው ግን ሌላ ሐኪም ነው። "ጨረሩስ?" ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። ኤም.አር.አይ እና አልትራሳውንድ ጨረር የላቸውም፤ የአንዱ ሥራ በማግኔት፣ የሌላው በድምፅ ሞገድ ነው። ኤክስሬይና ሲቲ ላይ ግን የእርሳስ መከላከያ መልበስና የተቀበላችሁትን ጨረር የሚለካ መሣሪያ ደረት ላይ ማንጠልጠል ግድ ነው። ሌላም አትርሱ፦ ማሽን በሌለበት ከተማ የራጅ ባለሙያ ሥራ የለውም።

ፊዚዮቴራፒ በእጅና በአፍ የሚሠራ ነው። ስትሮክ የመታው አባት ማንኪያ እስኪይዝ ወራት ይፈጃል። ዛሬ አንድ እርምጃ፣ ነገ ደግሞ ዜሮ። ቶሎ ውጤት ካላየ የሚናደድ ሰው አይችለውም። አንስቴዥያ ደግሞ "መርፌ ወግቶ ማስተኛት" አይደለም። ሰውዬው ቀዶ ሕክምና ላይ እያለ ትንፋሹንና የልብ ምቱን የሚጠብቀው እሱ ነው። በአገራችን ይህንን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ዶክተር ያልሆኑ፣ በዚሁ ሙያ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቢተወው ይሻላል።

የአክስትስ ነገር? አክስት አልዋሹም። ነርስ አሜሪካ ውስጥ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ካለፈች ትሠራለች። እዚያ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ፋርማሲስት ለመሆን ግን የዛሬው ትምህርት እስከ ዶክትሬት ይደርሳል። የእኛን የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ሄዶ ወዲያው መቀጠር የለም። ደግሞስ ቪዛው ባይመጣስ? ውጭ አገርን ብቻ አስቦ ሙያ የመረጠ ሰው፣ እዚህ ከቀረ የማይወደውን ሥራ ዕድሜ ልኩን ይሠራል። እዚህም ቢሆን ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪና ጤና መኮንን ተምረው ቅጥር የሚጠብቁ ብዙ ልጆች አሉ። ሰው ሳያስፈልግ ቀርቶ አይደለም፣ የመቅጠሪያ በጀቱ እንጂ! ደመወዙንም አንደብቅ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል።

አሁን ጓደኛዋ ይዛት ወደሄደችው ኮሌጅ እንምጣ። ቂርቆስ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ነው። ማስታወቂያው ያምራል፣ ቢሮው ይሸታል ቀለም። ልጅቱ የመመዝገቢያ ከፈለች። በኋላ "የዚህ ትምህርት የዕውቅና ፈቃድ የታለ?" ብላ ጠየቀች። "እህቴ አትስጊ፣ በሂደት ላይ ነው" አሏት። በሂደት ላይ! ጓደኛዋ "ምን አካበድሽው" አለቻት። እሷ ግን የመመዝገቢያውን ብር ትታ ወጣች። ጎበዝ ልጅ!

ለምን ጎበዝ እንዳልኳት ልንገራችሁ። ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የሚሰጠውም ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነትና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። ፋርማሲ ላይ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ ራጅ ላይ ላይኖረው ይችላል። ከዚያ በኋላም በሮች አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ለጤና ሙያ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘናና የሥራ ፈቃድ አለ። ፈቃድ የሌለው ኮሌጅ አራት ዓመት አስተምሮ ከነዚህ በሮች ፊት ጥሎህ ይሄዳል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባችሁም አትዝናኑ። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፣ ዲፓርትመንት የሚደርሳችሁ በውጤታችሁ ነው። ብዙ ልጅ አንደኛ ምርጫውን ብቻ ያስብና ከሁለተኛው በታች ያለውን እንደ ሎተሪ ይሞላል። ከዚያ ሦስተኛ ምርጫው ደርሶት "ተመደብኩ" እያለ ያለቅሳል። ኧረ አንተው ነህ የጻፍከው! በ2014 ዓ.ም. ከተፈተነው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ማለፊያ ያገኘው 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበር። እንዲህ በጭንቅ የተገኘ ዕድል በ5 ደቂቃ ፎርም ይሞላል እንዴ?

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት በየሙያው የሚሠራ አንድ ሰው ፈልጉ። ሰፈራችሁ ክሊኒክ አለ፣ የጎረቤት ልጅ አለ። "ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ? ሌሊት ትገባለህ? የሚያስጠላህ ምንድነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ደመወዙን መጨረሻ ላይ ጠይቁ፣ ግን ጠይቁ። ኮሌጁን ደግሞ "ፈቃዱን አሳዩኝ፣ የተግባር ልምምድ የምወጣው የትኛው ሆስፒታል ነው?" በሉ። መልሱ ከተንተባተበ እግሬ አውጪኝ!

የካዛንቺሷ ልጅስ? እንዳልኳችሁ መካሪ አላጣችም፤ በመጨረሻ ግን የሰማችው ራሷን ነው። የእናቷን ስኳር ጣታቸውን ወግታ የምትለካው እሷ ናት። ቁጥሩን በደብተር መዝግባ፣ "ትናንት ማታ ምን በላሽ?" እያለች ከእናቷ ጋር ስትከራከር ትውላለች። ደም አያስፈራትም፣ ቁጥር ትወዳለች፣ ብዙ ማውራት ግን አይሆንላትም። ፈቃዱን በግድግዳ ላይ የለጠፈ ሌላ ኮሌጅ አግኝታ ላብራቶሪ ተመዝግባለች። አጎትዬው አሁንም "ዶክተሯ" እያሉ ይጠሯታል። እሷም "ላብራቶሪ ነው ጋሼ" እያለች ታርማቸዋለች።

በሉ፣ መልካም ምርጫ! ቸር ሰንብቱ።