ዲጂኖው ከማረፉ በፊት

ክረምቱ ባለፈ በሳምንቱ አንዲት ጎረቤታችን ከኩሽናቸው የሚወጣውን እጣቢ የሚያስተላልፍ ቦይ ለማስቆፈር ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጠሩ። ዲጂኖው ሊያርፍ ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ከቆጣሪው ወደ ኩሽናው የሚሄደው የመብራት መስመር በአየር ላይ አይታይም። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ከመሬት በታች ያስቀበሩት ነው፤ በየት በኩል እንዳለፈ የሚያውቅ የለም።

«ተዉት፣ ቁሙ!» አሉ። የሁለት ቀን አበል በከንቱ መክፈል ኪስ ይጎዳል። 220 ቮልት ያለበትን ኬብል በብረት መውጋት ግን የሰው ሕይወት ነው፤ የልጅ ልጆቻቸውም ከጉድጓዱ ዳር አይጠፉም።

በማግሥቱ የመጣችው ባለሙያ ወጣት ሴት ነበረች። ሁለት መሣሪያ ይዛለች፤ አንዱ ምልክት ላኪ፣ ሌላው ተቀባይ። በመጀመሪያ ኃይሉን አጠፋች፤ መጥፋቱንም በመፈተሻ አረጋገጠች። ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ፈትታ የላኪውን አንድ ሽቦ ከኬብሉ ጋር፣ ሌላውን ራቅ ብሎ መሬት ውስጥ ከተተከለ ብረት ጋር አገናኘች። የኬብሉን የወዲያኛውን ጫፍም ከመሬት ጋር አያያዘች፤ ምልክቱ ዞሮ የሚመለሰው በአፈር በኩል ነውና።

ከዚያ በኋላ ተቀባዩን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች መራመድ ጀመረች። በኬብሉ ውስጥ የሚመላለሰው ምልክት በዙሪያው መግነጢሳዊ ኃይል ስለሚፈጥር ተቀባዩ ያንን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ከኬብሉ ትክክል በላይ ሲሆን ይጮኻል፤ ሲርቅ ይደክማል። ጩኸቱ በበረታበት ሁሉ ኖራ ነሰነሰች። ትንሹ ልጅ «ትንኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ሁላችንም ኬብሉ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስሎን ነበር። ከግቢው መካከል ሲደርስ ግን ድምፁ ድንገት ጠፋ። ባለሙያዋ በመጨረሻው ምልክት ዙሪያ ክብ ሠርታ ስትዞር ወደ ግራ ታጥፎ አገኘችው።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ ምን ነበር?»

«የኮክ ዛፍ ነበር፣ ልጄ» አሉ እመቤቲቱ፤ ዝም ብለውም ቆዩ። ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቷል። ባለቤታቸው ሥሩን እንዳይጎዱ ኬብሉን አዙረውት ኖሯል።

ባለሙያዋ እንደነገረችን ይህ ድምፅ አንዳንድ ጊዜም ያታልላል። በአጠገቡ የብረት የውሃ ቧንቧ ካለ ምልክቱ ወደዚያ ይዘላል፤ በተለይ የምልክቱ ድግግሞሽ ከፍተኛ ሲሆን። የፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ ከነአካቴው ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ ጸጥታ ማለት ከሥር ምንም የለም ማለት አይደለም። ለስልክ ሽቦ የሚያገለግለውን ትንሹን የድምፅ መሣሪያ ኃይል ካለበት የመብራት መስመር ጋር አገናኛለሁ የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁም ከበር መልሱት። ከቆጣሪው ወደ መንገድ ያለው መስመር ደግሞ የመብራት ኃይል ነው፤ እርሱን የሚነካው የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ በየመንገዱ ዳር ተንጠልጥለው እናያቸው የነበሩ ብዙ ሽቦዎች ወደ መሬት ገብተዋል። ለዓይን ደስ ይላል፤ ለቆፋሪ ግን አንድ ሥራ ጨምሯል።

ቦዩ ከኖራው መስመር ሁለት እርምጃ ርቆ ተቆፈረ። እመቤቲቱም ከአጥሩና ከቤቱ ግድግዳ ያለውን ርቀት በሜትር አስለክተው በልጃቸው እጅ ግቢውን በወረቀት ላይ አስነሡ። የኮክ ዛፉ ቦታም ተጽፎበታል። ወረቀቱ አሁን ከቆጣሪው ሣጥን በር ውስጥ በኩል ተለጥፏል።